ፈረንጁ “ዋይ?” ሲላችሁ፦ የ“ቢኮዝ” አጠቃቀም ለጣና ዳር ሰው

ጣና ዳር የሚሠራ ሰው ጆሮው “ዋይ?”ን ለምዷል። እንግዳ ጠያቂ ነው። ይህ ታንኳ ለምን አይሰምጥም? ክብራን ገብርኤል ሴት ለምን አትገባም? ጢስ ዓባይ ፖስት ካርዱ ላይ እንዳለው ለምን አልሆነም? ጀልባዋ ስምንት ሰዓት ላይ ነው የምትነሣው ብለውኝ፣ አንተ ለምን ሁለት ሰዓት ትለኛለህ?

መልሱን እናውቀዋለን። በአማርኛ ቢሆን ቡናው እስኪፈላ ድረስ እናወራው ነበር። እንግሊዝኛው ላይ ስንደርስ ግን “ቢኮዝ… ቢኮዝ…” እያልን እንቀራለን። ቃሉን የማያውቅ የለም። በአማርኛ መሀል ሳይቀር “አልመጣም፣ ቢኮዝ ሥራ አለኝ” የሚል ወጣት በየካፌው ሞልቷል። ቃሉን ማወቅና ቦታው ላይ ማስቀመጥ ግን ለየቅል ናቸው።

ይህ መመሪያ ለጀልባ ነጂው፣ ለአስጎብኚው፣ ለሆቴል ሠራተኛው፣ ለባጃጅ ሾፌሩና ፈተና ለደረሰበት ተማሪ ነው። እንግሊዝኛውን በሙሉ በፊደላችን ጽፌዋለሁ። ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡት። በዓይን ብቻ ያነበቡት ወደቡ ላይ አፍ አይፈታም።

አንደኛ፦ አፍ ማስለመድ

“ቢኮዝ” ሁለት ክፍል አለው። “ቢ” ቀለል ብላ ታልፋለች። ጉልበቱ “ኮዝ” ላይ ነው። እኛ ሁለቱንም እኩል ስለምንረግጣቸው ነው ቃሉ ከአፋችን የሚከብደው። መጨረሻው ደግሞ “ዝ” ነው እንጂ “ስ” አይደለም። የሚያሳስተን አጻጻፉ ነው፤ ቢ፣ ኢ፣ ሲ፣ ኤ፣ ዩ፣ ኤስ፣ ኢ ተብሎ ነው የሚጻፈው። ኤስ አይተን “ቢኮስ” እንላለን።

እንግሊዞች “ቢኮዝ” ሲሉ አሜሪካኖች ብዙ ጊዜ ወደ “ቢከዝ” ያዘነብላሉ። ሲፈጥኑ “ቢ”ዋን ውጠው “ከዝ” ብቻ ይላሉ። ይህን ለመስማት ያህል እወቁት። እናንተ ሙሉውን ብትሉ ማንም አይስቅም። ለሥራ ማመልከቻ ወይም ለእንግዳ በሚላክ ደብዳቤ ላይ ግን አጭሯን እንዳትጽፏት።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ኋላ ይጠቅመናል። ቃሉ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ከሁለት ቃላት የተጋጠመ ነው፤ “ባይ” እና “ኮዝ”። “ባይ” እዚህ ላይ እንደ እኛ “በ” ነው። “ኮዝ” ደግሞ ምክንያት። ሁለቱን ስታገናኟቸው “በ… ምክንያት” ይወጣችኋል። እንግሊዞቹ ያሰቡት እኛ ካሰብነው አልራቀም። የራቀው የዐረፍተ ነገሩ አሰላለፍ ነው፣ ወደዚያው እንሂድ።

ሁለተኛ፦ ዐረፍተ ነገሩን መገልበጥ

ከመመሪያው ሁሉ ትልቁ ይሄ ነው። ሌላውን ብትዘሉ እንኳ እዚህ ላይ ቆዩ።

አማርኛ ምክንያቱን ያስቀድማል፣ ውጤቱን መጨረሻ ላይ ያሳርፋል። “ነፋሱ ስለበረታ ጀልባዋ ዘገየች” እንላለን። እንግሊዝኛ አብዛኛውን ጊዜ ውጤቱን ነው የሚያስቀድመው። “ዘ ቦት ኢዝ ሌት ቢኮዝ ዘ ዊንድ ኢዝ ስትሮንግ።” ጀልባዋ ዘግይታለች፣ ምክንያቱም ነፋሱ ኃይለኛ ነው።

አማርኛ የሚያስብ ጭንቅላት ግን ቅደም ተከተሉን ሳይነካ ቃላቱን ብቻ ይቀይራል። “ስለ” የምትለጠፈው ግሡ ላይ፣ ግሡም ያለው ምክንያቱ መጨረሻ ላይ ስለሆነ፣ “ቢኮዝ”ም እዚያው ትወድቃለች። “ዘ ዊንድ ኢዝ ስትሮንግ ቢኮዝ፣ ዘ ቦት ኢዝ ሌት” ይባላል። እንግዳው የሚሰማው ምን መሰላችሁ? ነፋሱ ኃይለኛ የሆነው ጀልባዋ ስለዘገየች ነው። ነፋሱን ያስነሣችው ጀልባዋ ሆና ቁጭ!

መፍትሔው ቀላል ነው። እንግሊዝኛውን ከመክፈታችሁ በፊት አማርኛውን በ“ምክንያቱም” አስተካክሉት። “ምክንያቱም” በዐረፍተ ነገር ውስጥ የምትቆምበት ቦታና “ቢኮዝ” የምትቆምበት ቦታ አንድ ነው። እስኪ እንሞክረው።

“ስለደከመኝ አልመጣም።” በ“ምክንያቱም” ሲሆን፦ “አልመጣም፣ ምክንያቱም ደክሞኛል።” በእንግሊዝኛ፦ “አይ አም ኖት ከሚንግ ቢኮዝ አይ አም ታይርድ።”

“ዓሣው ስላለቀ ሽሮ ልስጥዎት?” ይህኛው ትንሽ ያታልላል። እንግሊዝኛው በሁለት ዐረፍተ ነገር ቢሆን ይሻላል። “ሶሪ፣ ዘ ፊሽ ኢዝ ፊኒሽድ። ውድ ዩ ላይክ ሽሮ?” ምክንያትን በቃል ማሰር ሁልጊዜ ግዴታ አይደለም። ዓሣ የለም ካላችሁ በኋላ ሽሮ ስታቀርቡ፣ ለምን እንዳቀረባችሁ ልጅም ይገባዋል።

“ስላልነገሩኝ አላውቅም።” “አይ ዶንት ኖው ቢኮዝ ዘይ ዲድንት ቴል ሚ።” አማርኛው አሉታውን “ስላል” ብሎ በአንድ ቃል ሲጨርሰው፣ እንግሊዝኛው “ዲድንት”ን ለብቻ ያቆማል። ጊዜውንም ልብ በሉ። “ስለዘነበ” ካላችሁ “ቢኮዝ ኢት ሬይንድ” ነው። “ስለሚዘንብ” ሲሆን ወይ ዘወትር የሚሆን ነው፣ ወይ ገና የሚመጣ ነው። ሰማዩን እያያችሁ “ማታ ስለሚዘንብ አሁን እንሂድ” ማለት ከፈለጋችሁ “ሌትስ ጎ ናው ቢኮዝ ኢት ዊል ሬይን ቱናይት” ነው።

በ“ቢኮዝ” ዐረፍተ ነገር መጀመር ነውር ነው ያለው ማነው? ብዙዎቻችን በትምህርት ቤት እንዲህ ተብለናል። ነውር አይደለም። “ቢኮዝ ዘ ዊንድ ኢዝ ስትሮንግ፣ ዘ ቦት ኢዝ ሌት” ትክክል ነው፤ መሀሉ ላይ ነጠላ ሰረዝ ይግባበት እንጂ። መምህራኑ የፈሩት ሌላ ነገር ነው። ተማሪው “ቢኮዝ ዘ ዊንድ ኢዝ ስትሮንግ” ብሎ አራት ነጥብ ይመታና ውጤቱን ሜዳ ላይ ይተወዋል። በወረቀት ላይ ይህ ስሕተት ነው። በንግግር ግን አንድ ሰው “ዋይ?” ብሎ ጠይቋችሁ “ቢኮዝ ዘ ዊንድ ኢዝ ስትሮንግ” ብላችሁ ብታቆሙ ምንም ችግር የለውም። ውጤቱን እሱ ራሱ በጥያቄው ተናግሮታል።

ሦስተኛ፦ “ቢኮዝ” ወይስ “ቢኮዝ ኦቭ”

ከኋላዋ የሚመጣውን እዩ። ግሥ ያለበት ሙሉ ሐሳብ ከሆነ “ቢኮዝ” ብቻ። ስም ከሆነ “ቢኮዝ ኦቭ”። አለቀ።

“ቢኮዝ ዘ ዊንድ ኢዝ ስትሮንግ” ብላችሁ ነበር፤ “ኢዝ” ግሥ ነው። ነፋሱን ብቻ መጥራት ከፈለጋችሁ “ቢኮዝ ኦቭ ዘ ዊንድ” ትላላችሁ። “ቢኮዝ ኦቭ” ማለት እንግዲህ ያ “በ… ምክንያት” ያልነው ነው፤ በነፋሱ ምክንያት፣ በዝናቡ ምክንያት፣ በጾሙ ምክንያት። አማርኛው መሀል ላይ ስም ብቻ እንደሚቀበል፣ እንግሊዝኛውም ስም ብቻ ነው የሚቀበለው።

ስሕተቱ በሁለት በኩል ይመጣል። አንዱ “ቢኮዝ ሬይን” ማለት ነው። ሌላው፣ ከባሰም ይህ የባሰ፣ “ቢኮዝ ኦቭ ኢት ኢዝ ሬይኒንግ” ነው። ሁለተኛውን የሚሉት እንግሊዝኛ የተማሩት ናቸው። “ኦቭ” ስትጨመር ነገሩ የረቀቀ ይመስላቸዋል። አማርኛውም ይገፋፋቸዋል። “በመዘግየቱ ተቀጣ” ስንል “መዘግየቱ” ስም ስለሚመስል “ቢኮዝ ኦቭ ሂ ወዝ ሌት” ይላሉ። እንግሊዝኛው “ቢኮዝ ሂ ወዝ ሌት” ነው።

ሰው ሲከተል ደግሞ “አይ”፣ “ሂ”፣ “ዘይ” አይገቡም። “ቢኮዝ ኦቭ ሚ”፣ “ቢኮዝ ኦቭ ሂም”፣ “ቢኮዝ ኦቭ ዘም” ነው የሚባለው። “ባንተ የተነሣ አመለጠን” ብላችሁ ጓደኛችሁን መውቀስ ከፈለጋችሁ “ዊ ሚስድ ዘ ቦት ቢኮዝ ኦቭ ዩ።” ይህችን ግን ለእንግዳ አትበሏት። “ቢኮዝ ኦቭ” ከሰው ስም ጋር ስትገጥም ጣት ትቀስራለች።

አንዳንዴ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ራሳቸው ኢንተርኔት ላይ “ቢኮዝ ሳይንስ”፣ “ቢኮዝ ኮፊ” ሲሉ ታያላችሁ። “ኦቭ” የለም፣ ግሥ የለም። ቀልድ ነው። ቀልዱ እንዲያውም በጣም ከመስፋፋቱ የተነሣ የአሜሪካን ዳያሌክት ሶሳይቲ “ቢኮዝ”ን የ2013 የዓመቱ ቃል ብሎ መርጦታል፤ ዓመቱ እንደ ፈረንጆቹ ነው። ቀልዱ የሚሠራው ሕጉን እያወቀ ለሚጥስ ሰው ነው። የሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ ቆማችሁ “ኖ ሻወር ቢኮዝ ዋተር” ካላችሁ ማንም ቀለዱ አይላችሁም።

አራተኛ፦ “ስለ” ሁሉ “ቢኮዝ” አይደለም

የእኛዋ “ስለ” ብዙ ሥራ አላት። “ስለ ጣና ንገረኝ” ሲባል ምክንያት የለበትም፤ “ቴል ሚ አባውት ጣና” ነው። “ስለ ማርያም!” ብሎ በቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚለምን ሰውም ማርያምን ምክንያት እያደረገ አይደለም። እንግዳው ምን አለ ብሎ ቢጠይቃችሁ “ፎር ዘ ሴክ ኦቭ ሴይንት ሜሪ” በሉት። “ቢኮዝ ኦቭ ሜሪ” ካላችሁት ሰውየውን ለልመና የዳረገችው እመቤታችን ልትመስል ነው።

መለያው ይህ ነው። “ስለ” ግሥ ላይ ከተለጠፈች፣ ስለመጣ፣ ስላመመኝ፣ ስለሌለ እንደሚባለው፣ “ቢኮዝ” ናት። ስም ፊት ከቆመች ግን ቆም ብላችሁ አስቡ። አብዛኛውን ጊዜ “አባውት” ትሆናለች።

ዓላማና ምክንያትንም አትደባልቁ። “እንግሊዝኛ ለመማር ባሕር ዳር መጣሁ” የሚለው “አይ ኬም ቱ ባሕር ዳር ቱ ለርን ኢንግሊሽ” ነው። “ቢኮዝ ቱ ለርን” የሚባል ነገር የለም። “ለ” እና “እንዲ” ወደፊት ያያሉ፣ የምትፈልጉትን ይናገራሉ። “ቢኮዝ” ወደኋላ ታያለች፣ የገፋችሁን ትናገራለች። “ቢኮዝ” ካላችሁ አይቀር “ቢኮዝ አይ ዋንት ቱ ለርን ኢንግሊሽ” በሉ፣ መፈለጋችሁ ራሱ ምክንያት ይሆናል።

አምስተኛ፦ አንድ ምክንያት፣ አንድ ማሰሪያ

“ቢኮዝ ኢት ወዝ ሬይኒንግ፣ ሶ ዊ ስቴይድ።” ይህ ስሕተት በጣም የተለመደ ነው። “ሶ” ማለት “ስለዚህ” ነው። “ስለዘነበ፣ ስለዚህ ቀረን” በአማርኛም ጆሮ ይቆረቁራል፣ በንግግር ግን ያልፋል። በእንግሊዝኛ ከሁለቱ አንዱን ምረጡ። “ዊ ስቴይድ ቢኮዝ ኢት ወዝ ሬይኒንግ” ወይም “ኢት ወዝ ሬይኒንግ፣ ሶ ዊ ስቴይድ።” እውነቱን ለመናገር ለአማርኛ ተናጋሪ ሁለተኛው ይቀላል። ምክንያቱን ያስቀድማል፣ እንደ ልማዳችን። መገልበጡ ያስቸገራችሁ ቀን በ“ሶ” ሂዱ።

የ“ቢኮዝ” ዘመዶችም አሉ፤ በአጭሩ ላሳልፋቸው። “ዛትስ ዋይ” “ለዚህ ነው” ናት፣ ካወሩ በኋላ ለመደምደም ትመቻለች። “ሲንስ” አድማጩ ምክንያቱን አስቀድሞ ሲያውቀው ትሻላለች፤ “ሲንስ ዩ አር ሂር፣ ሀቭ ኮፊ ዊዝ አስ”፣ ከመጣህ አይቀር ቡና ጠጣ እንደማለት። “ዲው ቱ” የማስታወቂያ ሰሌዳ ቃል ናት፣ ስም ብቻ ትከተላታለች። “ታንክስ ቱ” ለደግ ነገር ናት፤ ክረምቱ ደህና በመዝነቡ ሐይቁ ከሞላ “ታንክስ ቱ ዘ ሬይንስ” ትላላችሁ። መጥፎ ነገር ላይ ካዋላችኋት አሽሙር ትሆናለች።

“ፎር” የምትባል ደግሞ አለች፣ በጸሎትና በድሮ ጽሑፍ የምትገኝ። ለእሷ አማርኛ ግሩም አቻ አለው፤ መጨረሻ ላይ የምትለጠፈዋ “ና”። “ቸር ነውና አመስግኑት” ስንል ያቺ “ና” “ፎር” ናት። የዑራ ኪዳነ ምሕረትን የግድግዳ ሥዕሎች እያሳያችሁ ጸሎት የምትተረጉሙ ከሆነ ትጠቅማችኋለች። ባጃጅ ላይ ግን “አይ አም ሌት፣ ፎር ዘ ሮድ ወዝ ክሎዝድ” ብትሉ ቅዳሴ የገባችሁ ይመስላል።

ስድስተኛ፦ አሉታ ሲመጣ መጠንቀቅ

ይህን ዐረፍተ ነገር ተመልከቱት። “አይ ዲድንት ከም ቢኮዝ ኦቭ ዘ መኒ።” ሁለት ነገር ነው የሚለው። አንዱ “በገንዘቡ ምክንያት አልመጣሁም”፣ ቀርቻለሁ ማለት ነው። ሌላው “የመጣሁት ለገንዘቡ ብዬ አይደለም”፣ መጥቻለሁ ማለት ነው። አማርኛ እነዚህን በግልጽ ይለያቸዋል። እንግሊዝኛው በጽሑፍ አይለያቸውም፣ በአፍም ቢሆን በድምፅ አወጣጥ ብቻ ነው የሚለየው።

ክፍያ በሚነሣበት ቦታ ይህ ቀልድ አይደለም። ሁለት ማምለጫ አለ። ወይ ምክንያቱን ወደ ፊት አምጡት፤ “ቢኮዝ ኦቭ ዘ መኒ፣ አይ ዲድንት ከም።” ወይ ለሁለት ስበሩት፤ “አይ ኬም። በት ኖት ቢኮዝ ኦቭ ዘ መኒ።” አጭር ዐረፍተ ነገር ማንንም አያሳስትም።

ሰባተኛ፦ ጨዋነቱን መጠበቅ

“ለምን መጣህ?” ብሎ እንግዳን የሚጠይቅ አማርኛ ተናጋሪ የለም። ጠብ ካልፈለገ በስተቀር። “ምን እግር ጣለህ?” እንላለን። እንግሊዝኛውም እንደዚያው ነው። “ዋይ ዲድ ዩ ከም ሂር?” ብትሉ እንደ ምርመራ ይሰማል። “ዋት ብሪንግስ ዩ ቱ ባሕር ዳር?” በሉ። “ዋይ”ን ለነገሮች እንጂ ለሰው ሥራ አታብዟት። “ዋይ ዲድንት ዩ ኢት?” ብላ ሳሕን የምታነሣ አስተናጋጅ ልታባብል ፈልጋ ልትቆጣ ነው። “ወዝ ኤቭሪቲንግ ኦኬ?” ይሻላታል።

መልስ ስትሰጡም ባዶ “ቢኮዝ” ብላችሁ አትዝጉ። “ዋይ?” “ቢኮዝ።” ይህ ልጅ የሚያኮርፍበት መልስ ነው፤ “እንዲያው!” እንደማለት። “ጀስት ቢኮዝ” ግን በፈገግታ ከተባለ ደግ ነው። ያለ ምንም ምክንያት አበባ ገዝቶ ለሚስቱ የሰጠ ሰው “ጀስት ቢኮዝ” ቢል ያምርበታል።

ሲዘገይ ደግሞ እኛ ምክንያት ማብዛት እንወዳለን። ባጃጁ፣ መንገዱ፣ ዘመድ ቤት ለቅሶ፣ የስልኩ ባትሪ። ፈረንጅ ሦስተኛው “ቢኮዝ” ላይ ሲደርስ የመጀመሪያውንም ማመን ያቆማል። ይቅርታ ቀድሞ፣ ምክንያት አንድ ብቻ። “ሶሪ አይ አም ሌት። ማይ ባጃጅ ብሮክ ዳውን።” እዚህም “ቢኮዝ” አላስፈለገችም፣ አያችሁ?

ስምንተኛ፦ ወደቡ ላይ መለማመድ

አሁን ከላይ የተጠየቁትን ጥያቄዎች አንድ በአንድ እንመልስ። ጮክ በሉ።

ክብራን ገብርኤል። ብዙ ጀልባ ነጂ “ኢት ኢዝ ፎርቢደን” ብሎ ያልፋል። ክልክል ነው ማለት ምክንያት አይደለም፣ ክልከላውን መድገም ነው። የመጣችው ሴት የሰማችው “አትፈለጊም” የሚል ነው። እንዲህ በሉ፦ “ውሜን ዶንት ኢንተር ክብራን ገብርኤል ቢኮዝ ኢት ኢዝ ኤ ሞናስተሪ ፎር ሜን።” የወንዶች ገዳም ስለሆነ። ቀጥሎ ሌላ በር ክፈቱላት፦ “በት ዩ ካን ቪዚት ዑራ ኪዳነ ምሕረት ኢን ዘጌ።” ምክንያቱ ከተነገራትና ሌላ ቦታ ከተጠቆመላት በኋላ ፊቷ እንዴት እንደሚፈታ ራሳችሁ ታዩታላችሁ።

ጢስ ዓባይ። ከከተማው ወደ 30 ኪሎ ሜትር ተጉዞ በበጋ ፏፏቴውን ያየ እንግዳ ቅር ይለዋል። እዚህ ሁለት ምክንያት አለ፣ ሁለቱንም ንገሩት። “ዘ ፎልስ አር ስሞል ናው ቢኮዝ ኢት ኢዝ ድራይ ሲዝን፣ ኤንድ ኦልሶ ቢኮዝ ሙች ኦቭ ዘ ዋተር ጎዝ ቱ ዘ ፓወር ስቴሽን።” በጋ ስለሆነ፣ ደግሞም ብዙው ውኃ ወደ ኤሌክትሪክ ማመንጫው ስለሚሄድ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሁለተኛው ማመንጫ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ነው ፏፏቴው በጣም የሳሳው። “ኤንድ ኦልሶ ቢኮዝ” ሁለተኛ ምክንያት ስትጨምሩ የምትጠቅም ድልድይ ናት። በክረምት መውጫ ለመጣ ግን ሌላ ነው፤ “ዩ አር ላኪ ቢኮዝ ዘ ሬይንስ ጀስት ፊኒሽድ።”

ታንኳ። “ዋይ ዳዝንት ኢት ሲንክ?” “ቢኮዝ ኢት ኢዝ ሜድ ኦቭ ፓፓይረስ፣ ኤንድ ፓፓይረስ ኢዝ ቬሪ ላይት።” ደንገሉን ፓፓይረስ ይሉታል፣ የጥንት ግብፆች ይጽፉበት የነበረው ተክል ስለሆነ ስሙን ብዙዎቹ ያውቁታል። ዓይናቸው ሲበራ ታያላችሁ። ቀጥለው “ታዲያ ታንኳውን ለምን ፀሐይ ላይ አሰጣችሁት?” ማለታቸው አይቀርም። “ቢኮዝ ኢት ድሪንክስ ዋተር ኤንድ ጌትስ ሄቪ።” ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ። “ድሪንክስ” ብትሉ አይከፋም፣ ይገባቸዋል።

አረንጓዴው ነገር። በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ በኩል የሄደ እንግዳ እምቦጭን አይቶ “ሀው ቢዩቲፉል!” ሊል ይችላል፤ አበባው ሐምራዊ ነው፣ አይፈረድበትም። “ኢት ኢዝ ቢዩቲፉል፣ በት ዊ ዶንት ላይክ ኢት ቢኮዝ ኢት ስቶፕስ ዘ ቦትስ ኤንድ ዘ ፊሸርሜን።” የእንግሊዝኛ ስሙ “ዋተር ሃያሲንዝ” ነው። ስም ብቻ ከሆነ ደግሞ፦ “ዊ ካንት ጎ ዛት ዌይ ቢኮዝ ኦቭ ዘ ዋተር ሃያሲንዝ።” ሦስተኛውን ደረጃ አስታወሳችሁ?

የዘጌ ደን። “ዋይ ኢዝ ዜር ስቲል ፎረስት ሂር?” የሚል አስተዋይ ጠያቂ ሲገጥማችሁ ደስ ይበላችሁ። “ቢኮዝ ባይ ትራዲሽን ፒፕል ዶንት ፕላው ሂር። ዘይ ግሮው ኮፊ አንደር ዘ ትሪስ።” በገዳማቱ ወግ መሠረት እዚህ ስለማይታረስ፣ ቡናውም ከዛፍ ጥላ ሥር ስለሚበቅል።

አየሩ። አፍሪካ ማለት ሙቀት ብቻ የሚመስላቸው ማታ ላይ ጃኬት ሲፈልጉ ይገርማቸዋል። “ኢት ኢዝ ኩል አት ናይት ቢኮዝ ዊ አር አት አባውት ኤይቲን ሀንድረድ ሚተርስ።” ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለን።

ሰዓቱና ዘመኑ። ይህ ከሁሉም በላይ ገንዘብና ወዳጅነት ያበላሻል። እንግዳው “ስምንት” ያለው የእኛ ሁለት ሰዓት ጠዋት ነው። “አወር ታይም ኢዝ ዲፈረንት ቢኮዝ ዊ ካውንት ዘ አወርስ ፍሮም ሰንራይዝ።” ከፀሐይ መውጫ ጀምረን ስለምንቆጥር። ቀጠሮውን ግን በእሱ አቆጣጠር ድገሙለት። ስለ ዓመቱ ሲጠይቅ፦ “አወር ካሌንደር ኢዝ ሰቨን ኦር ኤይት ይርስ ቢሃይንድ ቢኮዝ አወር ቸርች ካልኩሌትድ ዘ በርዝ ኦቭ ክራይስት ዲፈረንትሊ።” የክርስቶስ ልደት የተሰላበት መንገድ ስለሚለያይ። 13 ወር ለሚገርመው፦ “ቢኮዝ ትዌልቭ መንዝስ ሀቭ ተርቲ ዴይስ፣ ኤንድ ጳጉሜን ሀዝ ፋይቭ ኦር ሲክስ።” ይህችን በቃላችሁ ያዟት፣ ጠረጴዛ ሁሉ ይስቅላችኋል።

ዘጠነኛ፦ በጽሑፍ

ቀጠሮ ለመቀየር ለእንግዳ የሚላክ መልእክት ሦስት መስመር ይበቃዋል። ለምሳሌ፦

“ዲር ጌስት፣ ቱሞሮው ዊ ዊል ሊቭ ፎር ዘጌ አት ሰቨን ኢን ዘ ሞርኒንግ፣ ኖት አት ኢለቨን። ዊ ቼንጅድ ዘ ታይም ቢኮዝ ዘ ሌክ ኢዝ ካልመር ኢን ዘ ሞርኒንግ። ፕሊስ ቴል አስ ኢፍ ዚስ ኢዝ ኦኬ ፎር ዩ።”

ነገ በአሥራ አንድ ሳይሆን በሰባት እንነሣለን፣ ጠዋት ሐይቁ ስለሚረጋ፣ ይስማማዎታል ወይ ማለት ነው። ሰዓቶቹ እንደ ፈረንጅ ናቸው። የተለወጠው ነገር ቀደመ፣ ምክንያቱ አንዴ ብቻ ተነገረ፣ መጨረሻው ጥያቄ ሆነ። “ዘ ሪዝን ኢዝ ቢኮዝ” የሚል ነገር አልገባም፤ “ምክንያቱ ምክንያቱም” እንደማለት ስለሆነ ብዙ አንባቢ አይወደውም። “ሪዝን” ካላችሁ “ዘ ሪዝን ኢዝ ዛት” ብላችሁ ቀጥሉ።

አሥረኛ፦ መልሱን ካላወቃችሁ

ይህ እንኳ ሰዋስው አይደለም፣ ግን ሳልለው አላልፍም። አንዳንድ አስጎብኚ “ዋይ” ሲባል ባዶ እጁን ላለመታየት “ቢኮዝ” ብሎ ይጀምርና እዚያው ይፈጥራል። ሥዕሉ ላይ ያለው ሰውዬ ለምን አንድ ዓይን ብቻ ኖረው? “ቢኮዝ ሂ ሎስት ኢት ኢን ኤ ዋር” ይላል፣ ደረቱን ነፍቶ። እንግዳው ደብተሩ ላይ ይጽፈዋል። በባህላዊው የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ክፉ ሰው በጎን፣ አንድ ዓይኑ ብቻ እየታየ ነው የሚሣለው፤ ጻድቁ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ። ትክክለኛው መልስ ከፈጠራው ይልቅ ይጥም ነበር፤ “ቢኮዝ ሂ ኢዝ ኤ ባድ ማን። ጉድ ፒፕል ሀቭ ቱ አይስ ኢን አወር ፔይንቲንግስ።”

ካላወቃችሁ ይህችን በሉ፦ “አይ አም ኖት ሹር ዋይ። ሌት አስ አስክ ዘ ፕሪስት።” ከዚያ ቄሱ ጋ ሂዱና መስቀል ተሳልማችሁ በአማርኛ ጠይቁ። እሳቸው “ስለ… ነው” ብለው ሲጨርሱ፣ በሆዳችሁ ወደ “ምክንያቱም” ገልብጡት፣ ከዚያ ወደ እንግዳው ዙሩ።